ከሻይ ማንኪያ የምታንስ ሞተር መግራት

ሐሙስ ማታ

ካርቶኑን ዛሬ ከፈትኩት። 3.5 ሲሲ የሪሞት መኪና ሞተር። እዚህ አሜሪካ በኪዩቢክ ኢንች ስለሚለኩ «21» ይሏታል፤ 0.21 ማለታቸው ነው። የሲሊንደሯ ሆድ አንድ የሻይ ማንኪያ ውኃ አይዝም። ስትበር ግን በደቂቃ ከ30,000 ዙር ታልፋለች። የምትገጠመው ከእውነተኛው መኪና አንድ ስምንተኛ በምታህል ባጊ ላይ ነው። ባጊዋ ጋራዥ ጥግ ሁለት ዓመት አቧራ ስትጠጣ ቆይታለች። የፊተኛዋን ሞተር የገደልኩት እኔ ነኝ።

የገደልኳት ደግሞ በጥንቃቄ ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ያኔ የተመከርኩት «ጎማዋን ከመሬት አንሥተህ፣ ነዳጅ አብዝተህ፣ ሳትሞቅ በሚኒሞ ስድስት ታንክ አስጨርሳት» ተብዬ ነበር። ቃል በቃል ፈጸምኩት። አንድ ቅዳሜ ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሚኒሞ፣ ማለትም ሪሞቱ ሳይነካ የምትሮጥበትን ዝቅተኛ ዙር፣ ሳዳምጥ ዋልኩ። ሁለተኛ ጋሎኗን ሳትጨርስ ኮምፕሬሽኗ፣ የመጭመቅ ኃይሏ፣ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ቢየላዋ፣ ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ ተሰበረ።

ስለዚህ አሁን እያንዳንዷን ነገር እጽፋለሁ። ወይፈን ለሞፈር እንደሚገራው አዲስ ሞተርም ትገራለች። ግን የወይፈኑን ጠባይ ሳያውቁ ጅራፍ ማንሣትም፣ ፈርቶ መተውም ያው ነው።

የዚህችን ጠባይ ልንገራችሁ። የፒስተን ፋሻ የላትም። ፒስተኗ አሉሚኒየም ነው። ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ ናስ ሆኖ ውስጡ በክሮም ተለብጧል። ቱቦው ከታች እስከ ላይ እኩል አይደለም፤ አናቱ ላይ ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ልክ ጠበብ ይላል። ለዚህ ነው ቀዝቃዛ እንደሆነች ቮላኖዋን፣ ማለትም ዘንጓ ላይ ያለውን ከባድ ክብ ብረት፣ በእጅ ስታዞሩት ፒስተኑ ጫፍ ላይ ደርሶ ቅርቅር የሚለው። አልፎ እንዲሄድ መግፋት ያስፈልጋል። ልጄ ሞከረና «አባዬ፣ ተበላሽታ ነው የመጣችው» አለኝ።

አልተበላሸችም። እንዲያውም ጤነኛነቷ የሚታወቀው በዚህ ነው። ስትሞቅ ናሱ ይሰፋል፤ በተለይ እሳቱ ያለበት አናቱ። ፒስተኑ ሲሊኮን የበዛበት አሉሚኒየም ስለሆነ የዚያን ያህል አይሰፋም። ያኔ ጠባቡ ቦታ ይከፈትና ሁለቱ በዘይት ብቻ ተለያይተው ይመላለሳሉ። ቀዝቃዛ ሆና ከሮጠች ግን ፒስተኑ በየዙሩ ጠባብ በር ይገፋል፣ ቢየላውም በየዙሩ ተጎትቶ ይመለሳል። እኔ ያን በስድስት ታንክ ነዳጅ አስደረግኳት። ሲበዛ ጠንቃቃ ነበርኩ ማለት ነው።

ዛሬ ብዙ አልሠራሁም። የኋላ ሽፋኗን ፈትቼ የብረት ፍርፋሪ ይኖር እንደሆነ አየሁ። ንጹሕ ነው። ጥቂት ጠብታ ዘይት አስገብቼ ዘጋኋት። ከዚያ ካንዴላዋን ነቅዬ ቮላኖውን እያዞርኩ ፒስተኑ መጨረሻ ዝቅ የሚልበትን ቦታ ፈለግኩ። እዚያ ላይ በነጭ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረግኩ። ቀለሙ የባለቤቴ ነው። እስካሁን አላወቀችም።

ዓርብ

ሥራ ስለነበረኝ ነዳጅ ብቻ ገዛሁ። አንድ ጋሎን፣ ሃያ ከመቶው ናይትሮሜቴን፣ የቀረው ሜታኖልና ዘይት። የባጊዋ ታንክ 125 ሲሲ ስለሆነ ጋሎኑ ሠላሳ ታንክ ይሆናል።

ሜታኖል ቀልድ አያውቅም። ትንሽ ቢጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ በቆዳም ይገባል። ቀን ላይ ቢቀጣጠል ነበልባሉ አይታይም ማለት ይቻላል። ጓንት አደርጋለሁ። ጋሎኑ ከመደርደሪያው አናት፣ የልጅ እጅ ከማይደርስበት ተቀምጧል። ክዳኑን ደግሞ ቶሎ መክደን ነው፤ ከአየር እርጥበት ይስባል።

የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ስልክ ደውሎ «ለኔም አንድ ይዘህልኝ ና» አለኝ። ሞተሯን እይዝልሃለሁ፣ ነዳጁን ግን ማን በአውሮፕላን ያስጭነኛል? ተቀጣጣይ ነው። የባትሪውን ግዛ አልኩት። ተከፋ።

ቅዳሜ ጠዋት

ውጭው 7 ዲግሪ ነው። ጋራዡ በር ላይ ጠረጴዛ አውጥቼ ሞተሯን የገጠምኩባትን ባጊ አስቀመጥኩ። የፀጉር ማድረቂያ ሞተሯ አናት ላይ ደግኜ አሥር ደቂቃ ያህል አሞቅኋት። (ማድረቂያውም የባለቤቴ ነው። ይሄን አወቀች።) ሙቀቱን የምለካው ራቅ ብሎ በሚደገን ቴርሞሜትር ነው፤ በኮቪድ ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደግኑብን የነበረውን ይመስላል፣ ግን ለሞተር ሙቀት የተሠራ ነው። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሯ ራስ፣ 70 ደረሰ። ቮላኖውን በእጄ አዞርኩት። ከትናንት በስቲያ ቅርቅር ያለው ቦታ አሁን በትንሽ መግፋት አለፈ። ናሱ ተከፍቷል። ሐሙስ የጻፍኩትን በጣቴ ዳሰስኩት ማለት ነው።

ከዚያ ተሳሳትኩ። ነዳጁ ካርቡራተሩ እስኪደርስ ማርሚታውን (የጭስ መውጫውን) በጣቴ ደፍኜ የማስነሻ ገመዱን ሳብ ሳብ አደረግኩ። ሁለት ጊዜ ይበቃ ነበር። እኔ ስድስት ሰባቴ ሳብኩ። ገመዱ ድርቅ አለ። ከፒስተኑ በላይ ነዳጅ ሞልቷል፤ ፈሳሽ ደግሞ አይጨመቅም። እዚህ ላይ በጉልበት የሳበ ሰው ቢየላውን ያጎብጣል። ካንዴላውን ነቀልኩ፣ ባጊዋን ገለበጥኩ፣ ገመዱን ቀስ ብዬ ሳብኩ። ነዳጁ ሱሪዬ ላይ ተረጨ።

ካንዴላውም በዚያው አለቀ። የነዚህ ሞተሮች ካንዴላ እሳት አይረጭም። ውስጡ የፕላቲነም ጥቅልል ሽቦ አለ። ስታስነሷት በትንሽ ባትሪ፣ አንድ ቮልት ተኩል በማትሞላ ኃይል፣ ሽቦው ይግላል። ከተነሣች በኋላ ባትሪው ይነሣል፤ ሜታኖሉ ፕላቲነሙን ሲነካ ሽቦው ራሱ እንደጋለ ይቆያል። የኔውን ባትሪው ላይ ሰክቼ ሳየው ግማሹ ጠቆረ። አዲስ ሞተር በሚገራበት ጊዜ ካንዴላ ይበላል። ለዚህ ሦስት ትርፍ ገዝቻለሁ።

በሁለተኛው ካንዴላ፣ በሦስተኛው ስበት ተነሣች። የጩኸቷ ነገር! ጎረቤቴ የጓሮ በሩን ከፍቶ አየኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ መልሶ ዘጋው።

ሰማያዊ ጭስ በጭስ ሆንን። ዘይት ከማርሚታዋ እየተንጠባጠበ ነው። ይህ ጥሩ ነው። ግን ሙቀቷ 68 ላይ ቆመ። አራት ደቂቃ ጠበቅኩ። 68። አምስት ደቂቃ። 66! ስድስት ታንክ የፈጀሁበት የዚያን ቀን ቁጥር ይሄው ነበር። ጨርቅ ማርሚታዋ አፍ ላይ ይዤ አጠፋኋት።

የነዳጅ ቱቦዋን በፒንሳ ጨምቆ ማጥፋትም ይቻላል። ግን እንደዚያ ስትጠፋ የመጨረሻዋን ደቂቃ ነዳጅና ዘይት አጥታ ነው የምትሮጠው። ለአዲስ ሞተር ደግ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ

ለምን እንደማትሞቅ ሳስብ ምሳዬን በላሁ። መልሱ ከመስኮቱ ውጭ ነበር። እኛ ያለነው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ጎረቤታችን ዴንቨር የአንድ ማይል ከፍታ ከተማ ትባላለች፤ 1,609 ሜትር። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይሳሳል። ነዳጅ የሚመጥነው የካርቡራተር መርፌ የፋብሪካ ልክ ደግሞ ለዝቅተኛ ቦታ የታሰበ ነው። አየሩ ሲያንስ ያው ነዳጅ ይበዛባታል። የበዛው ነዳጅ ያቀዘቅዛታል። ለማለማመድ ነዳጅ አብዝ የሚለውን ምክር እዚህ አገር ላይ ስትጨምሩበት ሞተሯ ቀዝቃዛ ገላ መታጠቢያ ውስጥ ነው የምትሮጠው።

የፊተኛዋም እንዲህ ነው የሞተችው። አሁን ገባኝ።

አዲስ አበባ ቢሆን ይብሳል። እዚያ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው።

ሁለት ነገር አደረግኩ። የቴስታታውን ክንፎች ግማሽ ያህል በአሉሚኒየም ፎይል ሸፈንኳቸው፤ ነፋስ እንዳይበርዳት። ከዚያ ትልቁን መርፌ በትንሹ ዘጋሁ። መርፌውን እንደ ግድግዳ ሰዓት አስቡት። ሙሉ ዙሩ 12 ሰዓት ነው። እኔ ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ነዳጅ ይቀንሳል። በአንድ ጊዜ ከዚያ በላይ አልደፍርም። ነዳጅ ሲቀንስ ዘይቱም ይቀንሳል፤ ዘይቱ ያለው ነዳጁ ውስጥ ነዋ።

እንደገና በማድረቂያ አሞቅኩ፣ አስነሣሁ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ 88። ሌላ አንድ ሰዓት ዘጋሁ። 96። እዚያ ያዝኳት። የሪሞቱን ቃታ ትንሽ ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ፣ ለቀቅ። ጭሱ አሁንም ይታያል። አምስት ደቂቃ ሲሆን አጠፋኋት።

ወዲያው ነጩን ነጥብ ፈልጌ ፒስተኑን ዝቅ አደረግኩት። ነጥቡን የቀባሁት ለዚህ ነው። ሞተሯ ስትቀዘቅዝ ናሱ መልሶ ይጠባል። ፒስተኑ አናት ላይ ቆሞ ከሆነ እዚያው ይጨመቃል፤ ያን ጥብቅነት ያጠፋዋል፣ አንዳንዴም ነክሶ ይይዘዋል። ታች ሆኖ ሲቀዘቅዝ ግን ማንም አይነካውም።

ሠላሳ ደቂቃ ጠበቅኩ። እጄን ሳስነካት ቀዝቅዛለች። እንደገና ማድረቂያ፣ ገመድ፣ 95፣ ስድስት ደቂቃ፣ ማጥፋት፣ ነጩ ነጥብ። ዛሬ አራት ጊዜ ሞቀች፣ አራት ጊዜ ቀዘቀዘች። ቁም ነገሩ ይሄ መሞቅና መቀዝቀዝ ነው። ብረቱ እየሰፋ እየጠበበ ቦታውን ይይዛል፣ ፒስተኑና ቱቦውም በሚሠሩበት ሙቀት ላይ ሆነው ይተዋወቃሉ። የነዳጁ ብዛት ሳይሆን የዙሩ ብዛት ነው የሚቆጠረው። ሁለት ታንክ እንኳ አልጨረስኩም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ ቡና ሊጠጡ መጡ። ጋሼ ዘመዴ አይደሉም፤ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። ባጊዋን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሞተሯን አገላብጠው አዩዋት።

«ይቺ ሞተር ናት ወይስ የስፌት መኪና?»

«ሞተር ናት ጋሼ።»

«ዘይት መለኪያዋ የታለ?»

«የላትም። ዘይቷ ከነዳጇ ጋር ነው።»

«እንደ ቬስፓ በለኛ!» በትክክል። እሷም የድሮው ቬስፓም ባለ ሁለት ምት ናቸው።

አምስተኛውን ዙር አብረን አስነሣን። ካቻቢቴ አንሥተው ጫፉን ሞተሯ ጎን ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ከልጅነቴ ጀምሮ መካኒክ ሁሉ እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ በሻይ ማንኪያ ሞተር ላይ ሲደረግ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ቆይተው «ቢየላዋ ደኅና ነው» አሉ። ከዚያ ቴርሞሜትሬን አይተው ተቆጡኝ። «አዲስ ሞተር በቀስታ፣ ሳይግል ነው። አንተ ግን ገና ከመወለዷ ታቃጥላታለህ!»

የቱቦውን ነገር አስረዳኋቸው። አናቱ ጠባብ፣ ታቹ ሰፊ፣ ሲሞቅ የሚከፈት። ቡናቸውን ፉት ብለው አሰቡ።

«ይኼማ ብርሌ ነው» አሉ።

«አዎ!»

«ሲሞቅ ብርጭቆ ይሆናል።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔም አላገኝም። የመኪና ሞተር ፋሻ አለው፣ ፋሻው ይለጠጣል፣ ስለዚህ የእሳቸው ምክር ለዚያ ትክክል ነው። ለዚህች አይሆንም። «እኔ ያንተን ብርሌ በጡጫ አልከፍትም» ብለው ሳቁ።

ግን አንድ ነገር ላይ አላመኑኝም። ቴርሞሜትር ዕቃ ነው፣ ሊዋሽ ይችላል አሉ። ጣታቸውን አርሰው ቴስታታው ላይ አንድ ጠብታ ውኃ ጣሉ። ጠብታዋ ጭስስ ብላ ቶሎ ጠፋች። «አየህ! ግላለች፣ አጥፋት!» ቴርሞሜትሩ 104 ይላል። የውኃ ጠብታ መንገዱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ሦስት አራት ሰከንድ ከቆየች ደኅና፣ ወዲያው ከጠፋች ግላለች ነው። ችግሩ እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው 95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባሕር ጠረፍ 100። ያው ሙቀት ላይ የኛ ጠብታ ቀድማ ትጠፋለች። አዲስ አበባ 92 ገደማ ላይ ይፈላል፤ ጋሼ እዚያ ሞክረው ቢሆን ገና ጠብታዋ ሳታርፍ ይጮሁ ነበር።

«ምስር ወጥ የሚዘገየው ለዚያ ነው ለካ» አለች ባለቤቴ ከኋላ። ቡና ልትቀዳ መጥታ ነው። ቀጥላም የጥፍር ቀለሟን ጠየቀችኝ።

ማክሰኞ ማታ

ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ከሥራ መልስ ባጊዋን መሬት ላይ አውርጄ መንዳት ጀመርኩ። ሰባተኛው ዙር ነው። ሰፊ ክብ፣ ቃታው ከግማሽ ሳያልፍ፣ ሁለት ሰከንድ ሰጥቶ መልቀቅ። ጥሩ እየሄደች ነበር። ድንገት ቃታውን ስለቀው ዙሯ አልወርድ አለ። ዋይዋይዋይ እያለች ተንጠልጥላ ቆየችና ከብዙ በኋላ ወረደች።

ነዳጅ አንሷት ነው ብዬ መርፌውን ከፈትኩ። ጭሱ ጨመረ፣ ዙሩ አሁንም አይወርድም። ትንሹን መርፌ፣ የዝቅተኛ ዙሩን ነዳጅ የሚመጥነውን፣ ነካሁ። ባሰ። የሚኒሞውን ብሎን ነካሁ። ከዚያ ትልቁን መልሼ ዘጋሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሦስቱን እያፈራረቅኩ ከረምኩ፤ መጨረሻ ላይ የጀመርኩበት የት እንደነበር እንኳ ጠፋኝ። ልጄ የባትሪ መኪናውን ይዞ በአጠገቤ ሽው ሽው ይላል። ምንም አላለኝም። አለማለቱ ራሱ ብዙ ነው።

ጨለማ ሲሆን ወደ ጋራዥ ገባን። ልጄ የእጅ ባትሪ ያበራልኛል። የነዳጅ ቱቦዋን ከታንኳ አላቅቄ አንዱን ጫፍ በጣቴ ደፈንኩ፣ በሌላው በኩል በትንሽ የአየር መንፊያ ነፋሁ፣ መሐሉን ውኃ ውስጥ ነከርኩ። አንዲት ፊኛ ብቅ አለች። ሌላ ፊኛ። ቱቦው ቮላኖውን እየነካ ኖሮ ተፍቋል። ቀዳዳው በመርፌ የተወጋ ያህል ነው። በዚያ አየር እየገባ ነዳጁን ያሳሳዋል፣ እኔ ከላይ መርፌ እጠመዝዛለሁ።

አዲስ ቱቦ አስገባሁ፤ ከቮላኖው አርቄ በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩት። መርፌዎቹን መቁጠር ከጠፋብኝ ወደ ፋብሪካው ልክ መልሼ፣ ከዚያ የቅዳሜውን ሦስት ሰዓት ዘጋሁ። ለዚህ ነው የሚጻፈው።

ሐሙስ

ዝናብ። ባለቤቴ አዲስ የጥፍር ቀለም አስገዛችኝ።

ቅዳሜ

ስምንተኛውና ዘጠነኛው ዙር። የባጊዋን ልብስ፣ የላይ ሽፋኗን፣ ገፍፌ፣ ፎይሉንም አንሥቼ፣ አስፋልቱ ላይ። ጠዋቱ 14 ዲግሪ ነው። ትልቁን መርፌ አንድ አንድ ሰዓት እየዘጋሁ፣ በየጊዜው አንድ ዙር ነድቼ እለካለሁ። 101። 106። 109። ጭሱ እየቀጠነ ሄደ፣ ድምፁም ከመንተባተብ ወደ ጥርት ያለ ጩኸት ተለወጠ። ጭሱ ጨርሶ ሊጠፋ ሲል ወደ ግራ ግማሽ ሰዓት መለስኩ። የጭስ ጭራ የሌላት ሞተር ዘይት አጥታለች ማለት ነው፤ ቴርሞሜትሩ ምንም ቢል።

ትንሹን መርፌ ለመፈተሽ በሚኒሞ እያለች የነዳጅ ቱቦዋን በጣቴ ጨመቅኩ። ዙሯ ትንሽ ከፍ ብሎ በሦስት ሰከንድ ጠፋች። ደኅና ነው። ወዲያው ብትጠፋ ነዳጅ አንሷታል፣ ብትዘገይ በዝቶባታል።

ከሰዓት በኋላ ሪሞቱን ለልጄ ሰጠሁት። «ሙሉ ቃታ፣ ሦስት ሰከንድ ብቻ» አልኩት። ሳበ። ሄደች። ከመንገዱ ጫፍ ድምፁ ከባጊዋ ዘግይቶ የመጣ መሰለኝ። ልጄ ሦስት ሰከንዱን አምስት አደረገው። ዝም አልኩ። ስትመለስ ለካሁ፤ 113።

የባትሪ መኪናው አሁንም ትቀድማታለች። ነግሮኛል።

ማታ የቀረውን ነዳጅ አቃጥላ እንድትጠፋ ለቀቅኳት። ካንዴላዋን ነቅዬ አምስት ጠብታ የማቆያ ዘይት አስገባሁ፣ ቮላኖውን ጥቂት ዙር አዞርኩ፣ ነጩን ነጥብ ታች አቆምኩ። ሜታኖል የጠጣ ብረት ሳይቀባ ካደረ ዘንጓን የሚሸከሙት ኳሶች ይዝጋሉ።

እሑድ ጠዋት

ቡና ሳይፈላ ጋራዥ ገባሁ። በአንድ ሌሊት በርዳ በረዶ ሆናለች። ልጄም ከነፒጃማው ተከትሎኝ መጣ። ቮላኖውን በጣቴ አዞርኩት። ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፍ ላይ ደረሰና ቅርቅር አለ።

«አሁንም ተበላሽታለች?» አለኝ።

«ራስህ አዙራት» አልኩት።